የተቃጠሉት ችካሎች

ቢቸና አጠገብ፣ አቶ ያለው ማሳ ላይ፣ የአፈሩን እርጥበት በሬዲዮ የሚነግሩን ችካሎች ተክለን ነበር። ባትሪ እንዲቆጥቡ፣ እያንዳንዱ ችካል ድምፁን ለቅርብ ሰሚው በሚበቃ ልክ ብቻ ያወጣል፤ ሰሚው በቀረበ ቁጥር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ዛሬ ብመጣ አቶ ያለው የችካሎቹን አመድ እግሬ ሥር ደፉት።

«መሬቴን ልትሸነሽኑ ነው የቸከላችሁት! ያኔ በመሬት ድልድሉ የወሰዳችሁብኝ አልበቃችሁም?»

«የእርጥበት መለኪያ ነው እኮ፣ አባቴ!»

«ጥፋ ከዚህ!»

እየተራገምኩ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና የችካሎቹን ሬዲዮ የሚሰማውን መቀበያ ጭኔ ላይ ከፈትኩት። ሁሉም ችካሎች ያወራሉ። ሁሉም የመረጡት ሰሚ ይኸው ጭኔ ላይ ያለው መቀበያ ነው። ድምፃቸው ከማሳው እዚህ ሊደርስ የማይችል ሹክሹክታ ነው።

በሩን ቆለፍኩ።

ድምፃቸው እንደገና ዝቅ አለ።