የአጣቢው ድርሻ

ኤሰን በተራራማዋ ከተማ በካራኮል ሰልባጅ ተራ ስድስተኛውን ጃኬት አፉ ላይ ለጥፎ እፍ አለበት። ትንፋሹ ጨርቁን አልፎ በወዲያ በኩል የያዘበትን መዳፉን አሞቀው። ይኼም አይሆንም። ትንፋሽ ያሳለፈ ጨርቅ ተራራ ላይ ነፋስ ያስገባል፤ ነፋስ ያስገባ ልብስ ደግሞ ባለቤቱን በቃሬዛ ያወርደዋል። ነገ ማለዳ የበረዶ ሸርተቴ እንግዶቹን እየመራ ካልወጣ ሥራው ለሌላ ይሰጥበታል፤ አዲስ ጃኬት እንደሆነ በአቅሙ የሚታሰብ አልነበረም።

ቀና ሲል ሻጩ ሽማግሌ የለበሱትን አየ። ቀይ ነው፤ ክርኑ ላይ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። የሰፋው እሱ ራሱ ነበር። አምና የሞተው ወንድሙ ጃኬት ነው፤ ነፋስ አያሳልፍም። ሬሳውን ላጠቡት ለእኚሁ ሽማግሌ፣ የሟች ልብስ የአጣቢው ነው በሚለው ወግ፣ በገዛ እጁ ሰጥቷቸዋል።

"አባባ፣ የለበሱትን ይሽጡልኝ።"

"የአጣቢ ድርሻ አይሸጥም፣ አይመለስም። ነውር ነው ልጄ!"

"እንግዲያው ያውሱኝ። እሑድ እመልሳለሁ።"

"በሕይወት ካልወረድክስ?" አሉ ሽማግሌው፣ ዚፑን እስከ አገጫቸው ዘግተው።

"ያን ጊዜማ የሚያጥቡኝ እርስዎ አይደሉ? ድርሻዎን ከላዬ ላይ ይወስዳሉ።"

ሽማግሌው ዚፑን ቁልቁል ስበው ጃኬቱን ማውለቅ ጀመሩ።