ውሻ የማይወዱት ሐጂ

ሰውየው ስለ እስልምና የማያውቀው ነገር የለም፤ አንድ ሙስሊም ጠይቆ ግን አያውቅም። ውሻው የጠፋበት ሰሞን እኛን ጎረቤቶቹን ሰብስቦ፣ «የአጥር ጎረቤቴ ሐጂ ሙዘይን ውሻዬን መርዞብኝ ነው» አለ። «ሃይማኖታቸው አይፈቅድም። ውሻ የነካውን ልብስ ሳያጥቡ እንኳ አይሰግዱም።»

እኛም እንደ በግ ተከተልነው። የሐጂን በር በጡጫ ደበደበ።

ሐጂ ጠጉር በጠጉር የሆነ አሮጌ ጀለቢያ ለብሰው ከፈቱ።

«እንዲህ ሆኜ ስላገኛችሁኝ ይቅርታ» አሉ። «ይህን የምለብሰው እሱን ስመግብ ነው፤ ስሰግድ እቀይራለሁ።» ወደ ሰውየው ዞሩ። «እግሩ ተሰብሮ በአጥሩ ሾልኮ መጣ። ወደ ቤትህ ልመልሰው ብል እምቢ አለኝ።»

ውሻው እያነከሰ ከኋላቸው ብቅ አለ። ጌታውን ሲያይ ጅራቱን ሸጉጦ ከሐጂ ጀለቢያ ሥር ገባ።