ሐሙስ የሚሞተው ዳታቤዝ

በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ላይ እኔን የሚያክል የለም። ይህን ያልተረዳው የኮምፒውተር ክበባችን ሰብሳቢ ይትባረክ ብቻ ነው። «ወሬ ታበዣለሽ» ብሎ ሰው ፊት ከክበቡ አባረረኝ።

እኔ ደግሞ ቂሜን አልረሳም። ክበቡ የሚይዘው የቤተ መጻሕፍታችን መጽሐፍ መፈለጊያ የሚሠራው በነፃ በሚገኝ ዳታቤዝ፣ ማለትም በመረጃ ማከማቻ ፕሮግራም ነው። ሠሪዎቹ የኛን አሮጌ ስሪት «ዕድሜው ሐሙስ ያበቃል» ብለው ድረ ገጻቸው ላይ ጻፉ። አየሁና ዝም አልኩ። ሐሙስ ዳይሬክተሯ ሊጎበኙን ነዋ። እሳቸው ፊት ይሞትበታል፣ እኔ በላፕቶፔ እደርሳለሁ፣ ሰብሳቢነቱም የኔ ይሆናል። ሳልባረር የቀዳሁትን የመጻሕፍት መረጃ ድረ ገጹ ላይ ካሉት ትልቁን የስሪት ቁጥር በያዘው አዲስ ስሪት ላፕቶፔ ላይ ጫንኩት።

ሐሙስ ይትባረክ ዳይሬክተሯ ፊት የመጽሐፍ ስም ጻፈ፤ ወዲያው መጣለት።

«እስካሁን አልሞተም እንዴ?» አልኩት፣ የተከፈተ ላፕቶፔን እንደያዝኩ።

«ለምን ይሞታል? ሠሪዎቹ ከዛሬ ወዲያ አይጠግኑትም ማለት እንጂ መሥራቱን አያቆምም። ቅዳሜ እንቀይረዋለን።»

ዳይሬክተሯ ወደኔ ዞሩ። «ያንቺንስ እስኪ እንየው።»

ያንኑ ስም ጻፍኩ። ስክሪኑ በቀይ የስሕተት መልእክት ተሞላ።

ይትባረክ ጎንበስ ብሎ አየው። «ቁጥሩን አይተሽ ነው የጫንሽው? ከሥሩ ‹ለሙከራ ብቻ› ይላል እኮ። እሱንም እኔ ላንብብልሽ?»