የመምህር ዘውዱ ኮምፒዩተር

መምህር ዘውዱ አሮጌውን ዴስክቶፕ በአንሶላ ጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ሲጭን ሚስቱ ሺታዬ በር ላይ ቆማ ታየው ነበር። ኮምፒዩተሩ ልጃቸው ያዕቆብ ወደ ዲማ ሲሄድ ጥሎት የሄደው ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።

"ልትሸጠው ነው?" አለችው።

"ላሠራው ነው።"

"ምን ልታደርግበት?"

"የፈተና ጥያቄ አወጣበታለሁ" አለና ባለባጃጁን አስቸኮለው።

ጋምቤላ ገበያ አጠገብ ኮምፒዩተር የሚጠግነው ጋትቤል ሳጥኑን ከፍቶ አቧራውን በብሩሽ አራገፈ።

"መምህር፣ ለጽሑፍ ከሆነ እኮ አሁንም ይሠራል።"

"ለጽሑፍ አይደለም።" ዘውዱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ውስጡ ያለውን የልጄን ጌም እንዲያጫውተኝ ነው።"

ጋትቤል ሳቁን ዋጠ። ጡረታው የተቃረበ የሒሳብ መምህር እንዲህ ሲል ሰምቶ አያውቅም።

"ጌሙ በየጊዜው እየከበደ ሄዷል፤ ማሽኑ ግን ባለበት ቀርቷል። ራሙ አይበቃውም። ግራፊክስ ካርድም ይፈልጋል።"

"አዲስ የምገዛበት አቅም የለኝም።"

"ያገለገለ እንፈልግልሃለን። ቀስ በቀስ ይሞላል።"

"ቀስ በቀስ" የሚለውን ዘውዱ አልወደደውም። ከክፍል እንደወጣ በየቀኑ ሱቁ ይመጣል፤ ወንበር ቢሰጡትም አይቀመጥም። ራሙ ከተበላሸ ማሽን ተፈትቶ ገባ። ካርዱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከ፤ መንገድ ላይ ሲዘገይ ዘውዱ መነኸሪያ ደርሶ እየተመለሰ ሰነበተ። በመጨረሻ ካርዱ ሲገጠም ኮምፒዩተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ።

"ፓወር ሰፕላዩ አልቻለውም" አለ ጋትቤል። "እሱም መቀየር አለበት።"

ዘውዱ ብስክሌቱን ሸጦ አስቀየረው። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት የሚሄደው በእግሩ ሆነ።

ማሽኑ በሠራ ቀን ጋትቤል ማይክ ያለው ማዳመጫ አቀረበለት። "በዚህ ሌላ ቦታ ካሉ ተጫዋቾች ጋር በኢንተርኔት እያወራህ ትጫወታለህ።"

"ማውራቱ ይቅርብኝ። መጻፍ ይበቃኛል።"

ሺታዬ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ከሥራ ስትመለስ ባሏን ሁልጊዜ ጓዳ ውስጥ ታገኘዋለች። ሙቀቱ አላስቀምጥ እያለ እንኳ በሩን ይዘጋል። አንድ ቀን በስንጥቁ አየችው፤ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ስክሪኑ ላይ ይሯሯጣሉ፣ ዘውዱም አንዱን እያሯሯጠ ላቡን ይጠርጋል። የፈተና ጥያቄ የሚባል ነገር የለም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አያድርስ ነው። ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል፣ የጎረቤት አምፖል በርቶ እንደሆነ በአጥሩ ላይ ያያል፣ እራት ሲቀርብለት ይቆጣል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያዕቆብ ደወለላት። ያዕቆብ ዲማ ውስጥ ለወርቅ ቆፋሪዎች በስልካቸው ፊልምና ሙዚቃ እየጫነ ይተዳደራል። ዩኒቨርሲቲውን ባቋረጠ ጊዜ አባቱ "ከእንግዲህ ልጄ አይደለህም" ብሎታል። ያን ቀን ከቤት ወጣ፤ የአባቱን ቁጥርም ዘጋ። ሺታዬ የባሏን ስም ካነሳች ስልኩ ስለሚቋረጥ አታነሳም።

"ደህና ናችሁ?" አለ ያዕቆብ። "ትናንት መብራት ጠፍቶባችሁ ነበር እንዴ?"

"ጠፍቶ ነበር። ምነው?"

"እንዲሁ ነው" አለና ስለ ዲማ ዝናብ አወራት።

በዚያው ሳምንት ዘውዱ በር ተንኳኩቶ ሲወጣ ሺታዬ ጓዳ ገባች። ስክሪኑ ጥግ ላይ ጽሑፍ ነበር። የላከው ሰው ስም "ሎሚ" ይላል።

"ዛሬ ዘገየህብኝ። ስጠብቅህ ነበር።"

ከሥሩም፦ "ምሳህን ሳትበላ ደግሞ እንዳትጫወት።"

ዘውዱ ሲመለስ ስክሪኑ ፊት ቆማ አገኛት።

"ሎሚ ማን ናት?"

ዘውዱ እጁን ሰድዶ ስክሪኑን አጠፋው።

"ማንም።"

"ብስክሌትህን የሸጥከው ለማንም ነው? በዚህ ዕድሜህ?"

"ሺታዬ፣ የፈለግሽውን ስደቢኝ። ይቺን ብቻ ተይልኝ። ከዚህ ሌላ ምንም የለኝም።"

ከዚህ ሌላ ምንም የለኝም። ሺታዬ አብራው የኖረችው ዘመን ሁሉ በዚህች አንድ ቃል የተሰረዘባት መሰላት። ያን ቀን አልተነጋገሩም። በማግስቱ እሱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሻንጣዋን አውጥታ ልብሷን ከተተች። ጎሬ ያለችው እህቷ ጋ ልትሄድ ነው። ከመውጣቷ በፊት ልጇ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ ብላ ደወለችለት።

"ያዕቆብ፣ ስልኩን እንዳትዘጋብኝ። ቤቱን ለቅቄ መውጣቴ ነው። አባትህ ሴት ይዟል።"

"የት አግኝቷት?" አለ ያዕቆብ።

"በዚያ በአንተ ኮምፒዩተር ነው የሚገናኙት። ካገኛት ወዲህ እንቅልፍም ምግብም የለውም። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሎሚ ትባላለች።"

"እማዬ፣ ሻንጣሽን ፍቺው፤ ሎሚ እኔ ነኝ፣ አብሮኝ የሚጫወተው እሱ መሆኑን እንዳወቅኩ ግን አደራ እንዳትነግሪው።"