ፌርማታው የተመረቀ ዕለት

"አንድ፣ ሁለት…" አለ የወረዳው አስተዳዳሪ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ። የመንደሩ ሹም ዱሲክ ነጭ ጓንት ባጠለቀ እጁ መቀሱን ጨብጦ ከእሱ እኩል ሪባኑን ቆረጠ። ጭብጨባው ቀለጠ። ከአዲሱ የአውቶቡስ ፌርማታ በላይ "ሕዝቡን የሚያሞቅ አስተዳደር" የሚል ጨርቅ ተወጥሯል።

በዚህ በረዶ አግዳሚው እውነትም ይሞቃል፤ ኤሌክትሪክ ገብቶለታል። ቦክሱን የምትባለው የዱሲክ ታላቅ እህት ከሁሉም ቀድማ ተደላድላበታለች።

"ኑ እንጂ! ከሚሞቀው የቤቴ ወለል ይበልጣል!" አለች። "ወንድሜ ነው ያመጣው፣ የመንደሩ ሹም!"

"አንቺ፣ እንቁላል ታቀፍሽ እንዴ? ተነሺና ለኛም ይድረሰን" አለቻት ጎረቤቷ። ሴቶቹ ሳቁ።

በአዲስ ዓመት አስተዳዳሪው መንደር ለመንደር እየዞረ "አንድ ነገር ጠይቁኝ" ማለት ልማዱ ነው። አምና ከወንዙ ማዶ ያሉት የሚሞቅ ፌርማታ አግኝተው በየገበያው ሲኩራሩበት ከረሙ። "እኛስ ከማን እናንሳለን?" ብሎ ዱሲክም ዘንድሮ ያንኑ ጠየቀ። አውቶቡሱ የሚያልፈው በገበያ ቀን ብቻ መሆኑን ያነሳ ሰው አልነበረም። ለሌላው ቀን ታክሲ አለ፤ ተሳፋሪው ለወጉ አንድ ሳንቲም፣ መቶ ዎን፣ ይሰጣል፣ የቀረውን ወረዳው ይችላል። ቦክሱን በሳምንት ሦስቴ ለኩላሊት እጥበት ከተማ የምትመላለሰው በዚሁ ታክሲ ነው።

የሩዝ ኬኩ ሲታደል የወረዳው ትራንስፖርት ክፍል ኃላፊ እያኘከ ወደ ዱሲክ ጠጋ አለ።

"አባባ፣ ታክሲው ከነገ ጀምሮ አይመጣም። ለሰዉ ይንገሩልን።"

"የቱ ታክሲ?"

"የድጎማው ነዋ። እሱ እኮ ፌርማታ ለሌለው መንደር ነው። እናንተ ይኸው አገኛችሁ።"

"አውቶቡስ የለማ!"

"ደንቡ የሚለው ፌርማታ ነው።"

"ያኔ ስጠይቅ ምነው አልነገርከኝ?"

"ደስ ብሏችሁ ነበራ" አለ ኃላፊው፤ ጣቱን ላሰ።

ዱሲክ ሰዉን እየገፋ አስተዳዳሪው ዘንድ ደረሰ። "ጌታዬ፣ እህቴ ነገ ጠዋት እጥበት አላት። አንድ ቀን ከቀረባት…"

አስተዳዳሪው የዱሲክን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። መዳፉ ለስላሳ ነው። "ይገባኛል አባባ፣ እኔም እናት አለችኝ። ግን በጀቱን ያውቁታል፤ ከአንዱ መንደር ሳንቀንስ ለሌላው አንደርስም። ለከርሞ ይታያል።" እጁን ሳይለቅ ወደ ካሜራው ዞረ። "ፈገግ ይበሉ እንጂ፣ የእርስዎ ቀን ነው!"

ከበስተኋላው መንደሩ በሙሉ እያየው ነው። በከርሞው አዲስ ዓመትም የሚለምነው ይህንኑ ሰው ነው። ዱሲክ ፈገግ አለ።

ጥቁሩ መኪና አስተዳዳሪውን ብቻውን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ከተማ አመራ። ቦክሱን ተነስታ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፤ መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ቀና አላለችም።

"ምን አለህ? ረጅም አወራችሁ።"

"አመሰገነኝ።"

"ሲያንስህ ነው! ነገ ታክሲው እንደወትሮው ነው?"

ዱሲክ ዳር ወደቆመው የእርሻ ሞተሩ፣ ወደዚያች ትንሽ ትራክተር፣ ተመለከተ። መንጃ ፈቃዱን አምና አስረክቧል፤ ወረዳው አዛውንቶች መንዳት ይቅርባቸው ሲል፣ ሹም አርአያ ካልሆነ ማን ይሆናል ብሎ ከሁሉም ቀድሞ የሰጠው እሱ ነው። ጋሪ ለሚጎትት የእርሻ ሞተር ግን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም።

"ትንሽ ቀደም ብለን እንወጣለን" አላት።

"እንወጣለን? አንተ ደሞ ምን ልታደርግ?"

ሰዉ ተበትኗል። ዱሲክ ለእንግዶቹ የተደረደሩትን ወንበሮች ከሞተሩ ጋር በተያያዘው ጋሪ ላይ መጫን ጀመረ። ከመካከላቸው መደገፊያ ያለውን አንዱን መረጠና ጋሪው መሃል አቆመው፤ የሚቀመጥበትን ሰው የፊት ነፋስ እንዳያገኘው ጀርባውን ወደ ሞተሩ አዞረው። ገመድ አወጣና እግሮቹን ከጋሪው ብረት ጋር ጠፈረ።

"የቀሩትን ትተህ እሱን ብቻ ታስራለህ?" አለች ቦክሱን፣ በረዶ የጋገረውን መንገድ እየረገጠች ስትቀርብ።

ዱሲክ ወንበሩን ነቀነቀው። ተንቀሳቀሰ። ፈታና እንደገና ማሰር ጀመረ።