የግራ እግር መብራት

«እባካችሁ፣ በዓይን እንጂ በእጅ አትንኩ!» ይላል አስጎብኚው፣ እህቴ እጇን ወደ መብራቱ ስትዘረጋ።

እጇን ትሰበስባለች። በገዛ አባታችን የጫማ መስፊያ ቤት፣ ወንበሩን በቀይ ገመድ አጥረው፣ መዶሻውን ግድግዳ ላይ ቸንክረው፣ እኛኑ አትንኩ ይሉናል! ግድግዳውንም ቀለም ቀብተው ሲያበቁ፣ ያረጀ እንዲመስል መልሰው ፍቀውታል። አባቴ እኮ ይሄንኑ ግድግዳ ያረጀ እንዳይመስል በየዓመቱ ሲቀባ የኖረ ሰው ነው።

ከጠዋት ጀምሮ የምናየው ይሄንኑ ነው። ያደግንበት ሰፈር «የጥበብ መንደር» ተብሎ በአስጎብኚ የሚታይ ሆኗል። አንጥረኛው ቤት ሽቶ ይሸጥበታል። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሰው ተጋድሞ ይታሻል። የመንገዱ ድንጋይ ሳይቀር ቫርኒሽ ተቀብቷል። «የቀረን እኛው ነን፤ ቆመን ከተገኘን ይቀቡናል» ስላት እህቴ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ አልሳቀችም።

የመጣነው ለሽርሽር አይደለም። የእህቴ ግራ እግር በልጅነቷ በሕመም ተጣሞ ስለቀረ የሱቅ ጫማ አይገባላትም። ጫማ ሰፊ የነበረው አባታችን ለእሷ ብቻ አንድ ፎርማ ጠርቦላት ነበር፤ ጫማ የሚወጠርበት የእንጨት እግር። «አባባ፣ እዚህ ጋ ነካኝ» ባለችው ቁጥር፣ ፎርማው ላይ እዚያችው ቦታ የቆዳ ቁራጭ ይለጥፋል። የሚቀጥለው ጫማ እዚያ ጋ ሰፋ ይልላታል። ሃያ ዓመት ነካኝ ስትል፣ ሃያ ዓመት ሲለጥፍ፣ እንጨቱ ቁርጥ እግሯን መሰለ።

አባባ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። የመጨረሻው ጫማዋ ሶሉ አልቆ በማስቲሽ ነው የቆመው። ሌላ ጫማ ሰፊ ዘንድ ብንሄድ፣ «ፎርማውን አምጪልኝ፣ እሰፋልሻለሁ። ያለሱ ግን ደክሜ አላደክምሽም» ብሎ ቁርጡን ነገራት። እህቴም «ጠፋ የተባለው ዕቃ እዚያው ሰፈር ይገኝ እንደሆነ» ብላ ዛሬ ይዛኝ መጣች።

ያው ፎርማ አሁን ፊታችን ቆሟል። አናቱን በስተው አምፖል ተክለውበታል። ሌሎቹም የአባባ ፎርማዎች እንደዚሁ መብራት ሆነው መደርደሪያው ላይ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተደርድረዋል፤ ግራ ከግራ፣ ቀኝ ከቀኝ። እነዚህ ሰዎች ጫማ አድርገው አያውቁም?

«ይሄኛው ደግሞ ልዩ ነው» ይላል አስጎብኚው፣ የእህቴን ፎርማ እያሳየ። «ባለሙያው ሲጠርብ አበላሸው። ጥፋቱን ለመሸፈን ዕድሜ ልኩን ቆዳ ሲለጥፍበት ኖረ። እኛ ግን ስሕተቱን አከበርነው።»

«ውይ!» ይላሉ ጎብኚዎቹ። አንዷማ ዕንባዋን ትጠርጋለች። ዕንባዋ ያስጠላኛል።

«ጋሼ፣ የኔ ነው አይደል?» ትለኛለች እህቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ደሜ ይፈላል። «የቤቱን ባለቤት ጥራልኝ!» ብዬ አስጎብኚው ላይ እጮኻለሁ። «የጫማ ሰፊው ልጆች ነን። አበላሸው የምትለው የእሷን እግር ነው!»

የቤቱ ባለቤት ከውስጥ ትወጣለች፤ እጆቿ በቀለም የተነካኩ ሠዓሊ። ነገሩን ስትሰማ መዳፏን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ይሄም ያስጠላኛል።

«በጣም አዝናለሁ፣ የኔ እናት» ትላታለች እህቴን። «እኛ ግን ሰርቀን አይደለም። ቤቱን ስንረከብ ለታላቁ ልጅ ደውለን ዕቃውን ውሰድ ብለነው ነበር። ‹ለማገዶ አድርጉት፣ እኔ ላየውም አልፈልግ› አለን። ከእሳት ያተረፍኩት እኔ ነኝ።»

አባታችን ያለው ወንድ ልጅ አንድ ነው።

እህቴ ዞራ ታየኛለች። የስልኩን ቀን አስታውሰዋለሁ። የማስቲሹ ሽታ፣ የቆዳው ሽታ፣ የአባባ እጅ ላይ የደረቀው ጥቁር ቀለም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ተማሪ ቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ የምደበቀው እኔ ነበርኩ። ፎርማዋ መኖሩ ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ትዝ ብሎኛል፤ ሄዶ መፈለጉ ቀፈፈኝ። ለእሷ «ዕቃው ጠፋ አሉኝ» አልኳት፤ እሷም ሦስት ዓመት አመነችኝ።

«ጠፋ አሉኝ ነበር ያልከኝ» ትላለች።

ከቀዩ ገመድ በታች ጎንበስ ብላ ገብታ የአባባ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አስጎብኚው «እትዬ፣ እዚያ አይቀ…» ብሎ ይተወዋል። የግራ ጫማዋን ታወልቃለች። መብራቱን አንሥታ ጭኗ ላይ አስተኝታ ጫማውን ታጠልቅለታለች። ልክክ ይላል። ጎብኚዎቹ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ያጨበጭባሉ፤ ስልካቸውንም ይደቅናሉ።

ሠዓሊዋ አንዴ ጫማውን፣ አንዴ የእህቴን እግር ታይና ቀዩን ገመድ ራሷ ትፈታላታለች።

እህቴ ተነሥታ ሶኬቱን ትነቅለዋለች። የመደርደሪያው ጥግ ይጨልማል። ጫማ ያደረገውን ፎርማ እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ በባዶ ግራ እግሯ እያነከሰች በጎብኚዎቹ መሀል ታልፋለች። የዚያ እግሯን ጣቶች ከቤተሰብ ውጭ ያየ ሰው አልነበረም። የመብራቱ ሽቦ ከኋላዋ ይጎተታል፤ በሩ ጋ ደረጃው ላይ ሊያደናቅፋት ነው። ሮጬ ደርሼ፣ ላነሣላት ጎንበስ እላለሁ።

«አትንካ» ትለኛለች፣ ሳትዞር።

እጄን እሰበስባለሁ። እሷ ትወርዳለች፤ ሶኬቱም በየደረጃው ቋ፣ ቋ እያለ ይከተላታል።