በተውሶ ድምፅ

"ማነው?" አለች እማዬ ከቆርቆሮው በር ጀርባ።

"እኔ ነኝ።"

አልከፈተችም። በሃያ ስድስት ዓመቴ "እኔ ነኝ" ብዬ ይህ በር ሳይከፈትልኝ ቀርቶ አያውቅም።

ትናንት ከሰባት ሰማይ ሪከርድስ ጋር ተፈራርሜ ላበስራት ነበር የመጣሁት። በዘንድሮ ሕግ፣ የፈረመ ራፐር ድምፁ የአሳታሚው ነው። ጉሮሮዬ ላይ የምስር ክክ የምታህል ነገር ለጠፉብኝና ከስቱዲዮ ውጪ የማወራበት ሌላ ድምፅ አዋሱኝ። የዜና አንባቢ ድምፅ! ጎፋ ተወልጄ፣ በጎፋ አፍ ራፕ አድርጌ፣ ዛሬ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ስል ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይሁን፣ እሱንስ እችለዋለሁ። ከገዛ እናቴ ጋር ግን በተውሶ ድምፅ አውራ የሚለኝ ማን ስለሆነ ነው?

"እማዬ፣ ናሁሰናይ ነኝ! ልጅሽ!"

"ውሸታም! የልጄን ድምፅ አላውቅም እንዴ? ሂድ ከዚህ፣ ጎረቤት ሳልጠራብህ!"

በሩን በቡጢ ልመታ ስል ከውስጥ ሬዲዮኑ ተሰማኝ። የራሴ ድምፅ ነው። እኔ ያልጻፍኩትን፣ ጭራሽ አፌ ያልነካውን ግጥም ይዞ ስለ ልብስ ሳሙና ራፕ ያደርጋል።

እማዬ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው።

"ስማ!" አለችኝ በኩራት። "የኔ ልጅ ይሄ ነው!"